አሮጌውን ባለስድስት ጎማ የየብስና የውኃ ተሽከርካሪ አፍርሶ መሥራትና ማጠንከር

በየብስም በውኃም የሚሄደው ባለስድስት ጎማ ተሽከርካሪ ከሩቅ ሲታይ መጫወቻ ይመስላል። የፕላስቲክ ቀፎ፣ ስድስት ያበጡ ጎማዎች፣ ሁለት የእጅ ዘንጎች፤ ሌላ ነገር የለውም። የመኪና መሪ የለው፣ ሞላ የለው። ክዳኑን ገልጦ ያየ ሰው ግን ከሞተሩ ተነሥቶ በቺንጋው፣ በካምቢዮው፣ በካቴናውና በአክስሉ አልፎ ጎማው ላይ የሚያበቃ አንድ የኃይል መንገድ ያገኛል። መሬት የሚመልሰውን ምት ሁሉ የሚሸከመው ይኸው መንገድ ነው። ምቱን የሚያበርድለት ከለስላሳው ጎማ በቀር ምንም የለም።

ይህ ዓይነት ተሽከርካሪ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካናዳ ውስጥ ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ጂገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው ኦንታሪዮ ድራይቭ ኤንድ ጊር የተባለው ድርጅት በ1967 አርጎን አወጣ፤ ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ደግሞ አቴክስና ማክስ ተሠሩ። ብዙዎቹ ዛሬም በየጋራዡ ጥግ ቆመው ይገኛሉ። አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ካገኙ ይነሣሉ።

አሮጌውን ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ብረት መጨመር ነው። ከብዙ ሥራ በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ ግን ሌላ ነው፦ ማጠንከር ማለት ምንም እንዳይሰበር ማድረግ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚሰበረውን መምረጥ ነው። በኃይሉ መንገድ ላይ አንዱን ቦታ ሲያጠነክሩት ምቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ቦታ ይሸጋገራል። ያ ቦታ ካቴናው ከሆነ ቆመው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ማያያዣ ቀይረው ጉዞዎን ይቀጥላሉ። ካምቢዮው ከሆነ ወይም ረግረግ መካከል የተቆረጠ አክስል ከሆነ ግን ተሽከርካሪውን ትተው በእግር ይመለሳሉ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ከሁሉ በፊት ካቴናው እንዲበጠስ፣ የቀረው ደግሞ ከካቴናው እንዲጠነክር ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ክብደት ነው። የቀፎው ወለል ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር ቢሆን የቆዳ ስፋቱ 2.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 24 ኪሎ በጨመሩ ቁጥር ተሽከርካሪው ውኃው ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይሰጥማል። 70 ኪሎ የቱቦላሬና የላሜራ ማጠናከሪያ 3 ሴንቲሜትር ያህል ወሰደ ማለት ነው፤ የአክስሉ ቀዳዳዎች ደግሞ ዱሮውንም ከውኃው በታች ናቸው። ጭማሪው ከመቀመጫ በላይ ከተሰቀለ አደጋው መስጠም ብቻ ሳይሆን መገልበጥም ይሆናል። በመሆኑም ወደ ተሽከርካሪው የሚገባውን ብረት ሁሉ ይመዝኑና ደብተር ላይ ይጻፉ። የሚወጣውንም እንዲሁ።

ደረጃ 1፦ ሳይፈቱ መመርመር

ተሽከርካሪውን አጥበው፣ ስድስቱም ጎማዎች ከመሬት እንዲለቁ በክሪክ ያንሡትና በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። ባትሪውን ያላቅቁ፤ ቤንዚኑንም ከሰርባቶዮው ቀድተው ከሥራ ቦታው ያርቁት። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፉት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ይጠርጥሩ፦ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የላላ ቡሎን ወይም ኩሽኔታው የታሰረበት የተሰነጠቀ ሻንሲ። ለመለየት አንድ ሰው ጎማውን ሲያንቀሳቅስ ሌላው ከውስጥ ጣቱን ኩሽኔታውና ሻንሲው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያሳርፍ። ዓይን የማያየውን የግማሽ ሚሊሜትር እንቅስቃሴ ጣት ያውቀዋል።

ከዚያ ጎማውን በቀስታ ያዙሩ። ካቴናው በአንድ በኩል ሲጠብቅ በሌላ በኩል ሲላላ ከታየ ወይ አክስሉ ጎብጧል፣ ወይ የካቴናው ማርሽ መሐሉን ስቷል። ይህን ሁሉ ከመፍታትዎ በፊት ይመዝግቡ፤ ከፈቱ በኋላ ማስረጃው ይጠፋል። የእያንዳንዱን ካቴና መስመር፣ የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተልና የሽቦዎቹን መንገድ ፎቶግራፍ አንሥተው ያስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ መፍታት

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ጎማዎች፣ መቀመጫና የወለል ክዳኖች፣ የላይኛው ቀፎ፣ ሰርባቶዮ፣ ሞተር፣ ቺንጋና ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሌጃዎች፣ ካቴናዎች፣ አክስሎች፣ ካምቢዮ፣ በመጨረሻም ሻንሲው ከታችኛው ቀፎ ይወጣል። አልፈታ ያለ ዝገታም ቡሎን ቢያጋጥም እሳት አይጠቀሙ። አብዛኞቹ ቀፎዎች ፖሊኢትሊን ናቸው፤ በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣሉ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብተው አንድ ሌሊት ይጠብቁ፤ እንቢ ካለ የቡሎኑን ራስ በግራይንደር ይቁረጡ። ብልጭታው ቀፎውን እንዳይበሳው እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ።

ደረጃ 3፦ የቀፎውን ፕላስቲክ ማወቅ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ጥገናውን ሁለት ጊዜ ይሠራዋል። ቀፎው ከፖሊኢትሊን፣ ከኤቢኤስ ወይም ከፋይበርግላስ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ የሚሆነው ጥገና ለሌላው አይሠራም። ከማይታይ ጠርዝ የጥፍር ያህል ቁራጭ በቢላዋ ይላጡና ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጠልቆ እስኪረጥብ በጣትዎ ገፍተው ይልቀቁት። ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ሊሆን ይችላል፤ ኤቢኤስና ፋይበርግላስ ይሰጥማሉ። ከዚያ ውጭ ወጥተው፣ ቤንዚን ከሌለበት ቦታ፣ ቁራጩን በፒንሳ ይዘው ጫፉን ያቃጥሉ። ፖሊኢትሊን እንደ ሻማ እየተንጠባጠበ ይነዳል፤ ሲያጠፉትም የጠፋ ሻማ ሽታ ይሸታል። ኤቢኤስ ጥቁር ጥላሸት እየበተነ ይነዳል። ፋይበርግላስ አይቀልጥም፤ ሙጫው ተቃጥሎ ሲያልቅ የመስታወት ክሮቹ እንደ ነጭ ጨርቅ ይቀራሉ። ጭሱን አይተንፍሱት።

ደረጃ 4፦ ቀፎውን መጠገን

ስለ ፖሊኢትሊን በሰፊው እናገራለሁ፤ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ሲባክን ያየሁት እዚያ ላይ ነው። የተለመዱት ማጣበቂያዎች ፖሊኢትሊንን አይዙትም። ኢፖክሲ፣ የፋይበርግላስ ሙጫ፣ ሲሊኮን ሁሉ ለሳምንት የያዙ መስለው በመጀመሪያው ንዝረት እንደ ልጣጭ ይነሣሉ። የሚይዘው ብየዳ ነው፤ ያውም በራሱ ዓይነት የፕላስቲክ ዘንግ።

1. የስንጥቁን ሁለት ጫፎች ፈልገው በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ በ5 ወይም በ6 ሚሊሜትር ፑንታ ክብ ቀዳዳ ይብሱ። ስንጥቅ የሚጓዘው በሹል ጫፉ ነው፤ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል። ጫፉ ብዙ ጊዜ ዓይን ከሚያየው 1 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ቀፎውን ቀስ ብለው ቢያጎብጡት እውነተኛው ጫፍ ይገለጣል።

2. ስንጥቁን በሦስት ማዕዘን መፋቂያ የቪ ቅርጽ እንዲይዝ ይክፈቱት፤ ጥልቀቱም የፕላስቲኩን ውፍረት ሦስት አራተኛ ያህል ይሁን።

3. ከሚበየደው መስመር ግራና ቀኝ 2 ሴንቲሜትር ያህል የላይኛውን ቆዳ ይፋቁ። ፀሐይና አየር ያደረቁት ያ ቆዳ አይዋሐድም። የዘንጉንም ገጽ ይፋቁ። ብየዳውን በዚያው ሰዓት ይጀምሩ፤ ፍቆ ለነገ ማሳደር አይሆንም።

4. የአየር ማሞቂያውን ወደ 300 ዲግሪ አድርሰው ዘንጉንና ቀፎውን እኩል ያሙቁ። ጊዜው መድረሱን የሚያውቁት በገጹ ነው። ደብዛዛው ፕላስቲክ ላብ እንዳላበው ፊት ያብረቀርቃል። ያኔ ዘንጉን ወደ ታች ጫን እያሉ ይቀጥሉ። በዘንጉ ሁለት ጎን ትንሽ የቀለጠ ጠርዝ ተከትሎ ከወጣ ተዋሕዷል። ጢስ ከታየ ግን ሙቀቱ በዝቷል፤ ተቃጥሎ የተበየደው መስመር ተሰባሪ ነው።

5. በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ውኃ አይድፉበት።

ለኤቢኤስ የሚሻለው ሌላ መንገድ ነው። የኤቢኤስ ቁርጥራጭ በአሴቶን ውስጥ ሟሙቶ እንደ ወፍራም ገንፎ ሲሆን ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል። ስንጥቁን ከፍተው ይሙሉት፤ ከውስጥ በኩል የኤቢኤስ ጠፍጣፋ ደርበው ቢያንስ ሁለት ቀን ያድርቁት። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በር ከፍተው ይሥሩ። ለፋይበርግላስ ደግሞ የተለመደው የሙጫና የክር ጨርቅ ሥራ በቂ ነው።

በቀፎው ላይ የሚደረግ ማጠናከሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አክስሎቹ በሚወጡበት ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ሻንሲው ሲንቀጠቀጥ ቡሎኖቹ ፕላስቲኩን እየበሉ ቀዳዳውን ያሰፉታል። በዚህ ቦታ በውጭ በኩል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት አስገብተው ሸክሙን በሰፊው ቢበትኑት ቡሎኑ ፕላስቲኩን መብላቱን ያቆማል። የቀለበቱ ጠርዝ ስለት እንዳይሆን በሞረድ ያለስልሱት። በፕላስቲኩና በቀለበቱ መካከል ለስላሳ ላስቲክ ይግባ።

ቀፎው ባዶ ሳለ በአሸዋ ላይ አሳርፈው 10 ሴንቲሜትር ያህል ውኃ ይሙሉበት። የአክስሎቹን ቀዳዳዎች አስቀድመው ይድፈኑ። አንድ ሰዓት ቆይተው ከሥሩ ያለውን አሸዋ ይዳስሱ። እርጥብ ቦታ ያገኙበት ላይ ምልክት ያድርጉ። ሁሉም ነገር ከተገጠመ በኋላ ፍሳሽ መፈለግ የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ አሁን ግን አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ ሻንሲው

ሻንሲውን እስከ ባዶ ብረቱ ያጽዱትና በትንሽ መዶሻ መስመር በመስመር ይምቱት። ጤናማ ብረት ይጮኻል፤ ውስጡን ዝገት የበላው ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። የታፈነ ድምፅ ያለበትን ቦታ በሹል ብረት ይውጉ፤ ከገባ ያ ቁራጭ ተቆርጦ ይጣላል። በዝገት ላይ ደርቦ መበየድ ስንጥቁን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም።

የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ኩሽኔታዎቹ የሚታሰሩባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ የካምቢዮው ማሰሪያ፣ የሞተሩ መቀመጫ ማዕዘኖችና የመጎተቻው መንጠቆ የተበየደበት ቦታ። መካከለኛውን አክስል በተለይ ይመርምሩ። ጉብታ ላይ ሲወጡ አብዛኛው ክብደት ለአፍታ በእሱ ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያውን ተሽከርካሪ ስሠራ የመካከለኛው ኩሽኔታ ማሰሪያ ተሰንጥቆ አገኘሁትና 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አራት ማዕዘን ላሜራ ደርቤ ዙሪያውን በየድኩት። ጠንካራ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ላሜራው በሚያበቃበት መስመር ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሻንሲው ራሱ ተሰነጠቀ። ወፍራሙ ብረት አልጎብጥ ሲል መጎበጡ ሁሉ ከጎኑ ባለው ቀጭን ብረት ላይ ተከማችቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሕግ ሦስት ነው። የሚደረበው ብረት ከሥሩ ካለው ብረት ውፍረት አይብለጥ፤ ሥሩ 2.5 ሚሊሜትር ከሆነ ድርቡም 2.5 ይሁን። የድርቡ ጫፍ ቀጥ ብሎ አይቆረጥ፤ እንደ ዓሣ ጅራት ወይም እንደ አልማዝ ቅርጽ ሾሎ ይለቅ፣ ጥንካሬው ቀስ በቀስ እንዲቀንስ። በሻንሲው አግድም የሚያልፍ የብየዳ መስመርም አይኑር፤ ብየዳው በርዝመቱ ይሂድ።

ከመደረብ ይልቅ የተሻለው ቅርጽ መለወጥ ነው። 40 በ40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 2.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 40 በ8 የሆነ ጠፍጣፋ ብረትም ከዚያ ብዙም አይለይ፤ 2.5 ኪሎ ነው። ጠፍጣፋው ተኝቶ ከታሰረ ግን ቱቦላሬው መጎበጥን ከ40 ጊዜ በላይ ይቋቋማል። አሮጌ ሻንሲዎች ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ የዩ ቅርጽ ብረት አላቸው፤ ይህ ቅርጽ ሲጠማዘዝ እንደ ካርቶን ነው። ክፍቱን ጎን በቀጭን ላሜራ ቢዘጉት በጥቂት ኪሎ ብቻ ጥምዘዛውን ያቆማሉ። በግራና በቀኝ ሻንሲ መካከል ደግሞ ከመካከለኛው አክስል ፊትና ኋላ ሁለት አግዳሚ ቱቦላሬዎች፣ በማዕዘኖቹም ትናንሽ የሦስት ማዕዘን ላሜራዎች ይጨምሩ። ይህ በቂ ነው። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ብረት ተንሳፋፊነትን ይወስዳል።

ብየዳው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ2 እና ለ2.5 ሚሊሜትር ብረት ባለ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 80 አምፔር ይበቃዋል። ከመበየድዎ በፊት በሁለቱም ጎን የኩሽኔታ ማሰሪያዎች ውስጥ ቀጥ ያለ ረጅም አክስል አሳልፈው ያስሩ። ብረቱ ሲሞቅ ሊሸሽ የሚፈልገውን መስመር አክስሉ ይይዘዋል። መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ይያዙ፤ ከዚያ በአንድ ጎን 3 ሴንቲሜትር፣ በሌላው ጎን 3 ሴንቲሜትር እያሉ ያፈራርቁ። በየመሐሉ የሻንሲውን ሁለት ሰያፍ መስመሮች በሜትር ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ተጣሟል። ሲቀዘቅዝ አክስሉ በእጅ የሚዞር መሆን አለበት።

ሁለት የጤና ማሳሰቢያዎችን ማንም እንዳያልፋቸው። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ከተበየደ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ለብየዳ የሚዘጋጅን ብረት በዚያ ዓይነት ማጽጃ ከቶ አይጠቡ። በዚንክ የተለበጠ ብረትም ዚንኩ ተሞርዶ ካልተነሣ ጭሱ ያሳምማል። በተረፈ የተዘጋ ቱቦላሬ ውስጥ ውኃ እንዳይቀር ከታች 6 ሚሊሜትር ማፍሰሻ ይብሱለት፤ ቀለሙንም ከብየዳ በኋላ በዚያው ቀን ይቀቡ።

ደረጃ 6፦ አክስሎችና ኩሽኔታዎች

አክስሉን በሁለት የቪ ቅርጽ ድጋፎች ላይ አስተኝተው ያዙሩት፤ መሐሉ ላይ በቀጥታ ማስመሪያ ወይም ጥቃቅን እንቅስቃሴን በቀስት በሚያሳይ መለኪያ ሰዓት ጉብጠቱን ይዩ። ፓራዎሊዮው፣ ማለትም ውኃና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት፣ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍርዎን ያንሸራቱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጎድጎድ ካለ አዲስ ፓራዎሊዮ ቢገባም ውኃ ያስገባል። ያ ቦታ ቀጭን የብረት እጅጌ ይልበስ፣ ወይም አክስሉ ይቀየር።

የተቆረጠ አክስል አይበየድም። በብየዳው ዳር ያለው ብረት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ባሕርዩን ስለሚለውጥ በጥምዘዛ ጊዜ ከብየዳው ጎን ደግሞ ይቆረጣል፤ ጎማው ደግሞ ከነቸርኬው ውኃ ውስጥ ሊለያይ ይችላል። ማጠንከር ካስፈለገ ከተሻለ ብረት፣ ለምሳሌ 4140 ከሚባለው ጠንካራ የብረት ቅይጥ፣ በቶርኖ ያስቀርጹ፤ ወይም ውፍረቱን ይጨምሩ። የክብ አክስል ጥምዘዛን የመቋቋም ጥንካሬ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ያድጋል። ከ25 ወደ 30 ሚሊሜትር ቢያሳድጉት ጥንካሬው በ73 በመቶ ይጨምራል፤ ክብደቱ ግን በ44 በመቶ ብቻ። ነገር ግን ኩሽኔታው፣ የካቴናው ማርሽና የጎማው ማሰሪያ ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። ስለዚህ በተደጋጋሚ የተቆረጠ አክስል ከሌለዎት በዋናው ውፍረት ይቆዩ።

ኩሽኔታዎቹን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ግራሶ መስጫ ያላቸውን ይምረጡ፤ ከገጠሙ በኋላ አዲሱ ግራሶ በፓራዎሊዮው ዳር ብቅ እስኪል ይሙሉ። ከዳር የሚወጣው ግራሶ ራሱ ውኃ ይከላከላል።

ደረጃ 7፦ ካቴናዎች

በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት መጠኖች ናቸው፦ ባለ15.875 ሚሊሜትር እርምጃና ባለ19.05 ሚሊሜትር እርምጃ። እርምጃ ማለት ከአንዱ የካቴና ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለው ርቀት ነው። ካቴናውን ወጥረው 20 እርምጃዎችን ይለኩ። ትንሹ አዲስ ሲሆን 317.5 ሚሊሜትር ነው፤ 324 ከደረሰ 2 በመቶ ተለጥጧልና ይጣላል። ትልቁ አዲስ ሲሆን 381 ነው፤ 388.5 ላይ ዕድሜው አብቅቷል። የማርሹ ጥርስ እንደ ሜንጦ ከጎበጠ ማርሹም ይቀየር፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ማርሽ ላይ ብዙ አይቆይም።

በአንድ ጎን ያሉት ሦስት ጎማዎች በካቴና ስለተሳሰሩ በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ። ሲታጠፉ ደግሞ የአንዱ ጎን ጎማዎች ይያዙና የሌላው ጎን መላውን ተሽከርካሪ በመሬቱ ላይ እየገፋ ያዞረዋል። ካቴና የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። የመወጠሪያው ፕላስቲክ ካለቀ አስቀድመው ይቀይሩት። የላላውን መሐል ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት በሁለት ማርሾች መካከል 50 ሴንቲሜትር ርቀት ካለ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ይጫወት። ከዚያ በላይ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይጨርሳል።

የማያያዣው ቅንጥብ የተዘጋ ጫፉ ወደፊት በሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ክፍቱ ከቀደመ አንድ ነገር ነክቶት ይወልቃል። ግማሽ እርምጃ ለመሙላት የሚገባውን የተጣመመ ማያያዣ ካልተገደዱ አያስገቡ፤ ከሁሉ ደካማው እሱ ነው። እንዲበጠስ የመረጡት ካቴና ለእጅ ቅርብ የሆነው፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ይሁን፤ ወደኋላና ወደፊት የሚያከፋፍሉት ከእሱ ጋር እኩል ወይም የበለጠ አቅም ይኑራቸው።

ደረጃ 8፦ ካምቢዮ፣ ፍሬንና ቺንጋ

ካምቢዮውን ያለ ምክንያት አይክፈቱት። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያፍስሱ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ የብረት ፍንካች ካለበት ይከፈት፤ ንጹሕ ከሆነ ፓራዎሊዮዎቹን ብቻ ቀይረው አዲስ ዘይት ይሙሉ። አንዳንዶቹ በዲፈረንሻልና በሁለት ጎን ፍሬን ይታጠፋሉ፣ አንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ ጎን የራሱ ፍሪሲዮን አላቸው። በሁለቱም ዓይነት መቆሚያም መታጠፊያም አንድ ሥርዓት ነውና የፍሬን ሸራ ላይ አይቆጥቡ። ሁለቱ የእጅ ዘንጎች እኩል ሲሳቡ ተሽከርካሪው ወደ ጎን ሳይስብ መቆም አለበት።

የቺንጋውን ፑሌጃዎች በአልኮል ያጽዱ፤ ቅባት ፈጽሞ አይንካቸው። ቺንጋው ከአዲሱ ስፋት 3 ሚሊሜትር ከጠበበ ይቀየር። የረጠበ ቺንጋ ይንሸራተታልና ክዳኑ ውኃ የማያስገባ ይሁን።

ደረጃ 9፦ ሞተር

ባለሁለት ምት ከሆነ ጭመቃውን ይለኩ፤ ከ6 ባር በታች ከሆነ ፒስቶኑንና ፋሻውን ማየት ግድ ነው። ካርቡራተሩን ይፍቱ፣ ይጠቡ፤ የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ ሳይመርጡ ይቀይሩ። የደረቀ ቱቦ የሚያፈሰው ቤንዚን በተዘጋ ቀፎ ሥር ይተኛል፤ እንፋሎቱም ከአየር ስለሚከብድ በራሱ አይወጣም። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ያናፍሱ፤ የእሳት ማጥፊያም ከመቀመጫው አጠገብ ይኑር። የማርሚታው ጭስ ከቀፎው ውጭ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ በአየር ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነም የቀዝቃዛ አየር መግቢያውና የሞቃቱ መውጫ እንዳይገናኙ ይለዩዋቸው።

ደረጃ 10፦ ጎማዎች

ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.2 ባር አካባቢ ነው። የመኪና ጎማ መለኪያ ይህን አያነብምና ዝቅተኛ ግፊት የሚለካ ያግኙ። ብዙ ነፋስ የተሞላ ጎማ ለሻንሲው እንደ ድንጋይ ነው፤ ያደረጉትን ማጠናከሪያ ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈትን ይችላል። የስድስቱንም ዙሪያ በሜትር ለክተው ተቀራራቢዎቹን ሦስት ሦስቱን በአንድ ጎን ያድርጉ። ካቴና የሚያዞራቸው በእኩል ስለሆነ፣ ዙሪያው ያነሰው ጎማ ዕድሜ ልኩን ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጓተተ ይኖራል።

ደረጃ 11፦ ውኃ ውስጥ ማስገባት

12 ቮልት የሚሠራ፣ በሰዓት 2,000 ሊትር ገደማ የሚያወጣ የውኃ ፓምፕ በቀፎው ዝቅተኛ ቦታ ገጥመው በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ያገናኙት። የማፍሰሻ ቡሎኑን መዝጋትዎን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበሱ፣ ረጅም ገመድ ከኋላ አስረው ለረዳትዎ ይስጡ። መጀመሪያ እስከ ወገብ ብቻ በሚደርስ፣ በማይፈስ ውኃ ላይ ይሞክሩ። በውኃ ላይ የሚገፉት ጎማዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ያህል ነው። ነፋስና ወራጅ ውኃ በቀላሉ ያሸንፉታል።

አሥር ደቂቃ ቆይተው ይውጡ፤ የፊቱን ወደ ላይ አዘንብለው የማፍሰሻውን ቡሎን ይክፈቱና የሚወጣውን ውኃ በባልዲ ይቀበሉ። ግራሶ የተንሳፈፈበት ውኃ ከሆነ ያስገባው የአክስል ፓራዎሊዮ ነው። ጥርት ያለ ከሆነ የቀፎው ብየዳ ወይም የቀለበቱ ላስቲክ ነው። አንድ ብርጭቆ ያህል ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም፤ አንድ ሊትር ከሆነ ግን ፈልገው ይድፈኑ።

ከመጀመሪያዎቹ አምስት የሥራ ሰዓቶች በኋላ አዲሶቹ ካቴናዎች ትንሽ ይላላሉና እንደገና ይወጥሩ፤ የኩሽኔታዎቹን ቡሎኖችም ይፈትሹ። ከመቀመጫው ሥር በዘይት በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልለው ሁለት ማያያዣዎች፣ አንድ ክንድ ያህል ካቴና፣ የካቴና መፍቻና ፒንሳ ሁልጊዜ ይቀመጡ።